ለድመቷ የተላከ ጎማ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድክ የልጅ ልጄ ለቢንያም፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከአጥሩ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። አጥሩ ዘሟል።

አሁን ተቀመጥ፤ ውሃም አጠገብህ አድርግ። ቤተሰቡን በእጅጉ የሚመለከት ድርጊት ዛሬ ጠዋት በግቢያችን ውስጥ ተፈጽሟል። አጣርቼ፣ አረጋግጬ፣ ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቼ ነው የምጽፍልህ። ድመት ወልዳለች።

የወለደችው ደግሞ፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል፣ ትተሃት በሄድካት በቀይዋ መኪናህ ውስጥ ነው፤ ያውም በሾፌሩ ወንበር ላይ። ሦስት ናቸው። በመሆኑም «ትሸጥ» ያልከው ነገር ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል። አራስ ከተኛችበት አትነሳም፤ ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፣ አገሩ ነው።

የላክኸው ደላላ ሚሊዮን መጥቶ ነበር። «አባባ፣ ድመት እኮ ናት» አለኝ። «አንተን እናትህ በወለደችህ ሰሞን ቤቱ ይሸጥ ያለ ነበር?» አልኩት። ከዚያ ጎማዎቹን በጫማው ነካ ነካ አደረገና «እነዚህ ሊሾ ሆነዋል፤ ማንም ገዢ በዚህ ጎማ ወደ ቁልቁለት አይወርድም» ብሎ ሄደ። እውነቱን ነው። እኔም ራሴ ላይ ያለው ፀጉር ከነሱ ጥርስ ይበልጣል። ስለዚህ ከመሸጧ በፊት ጎማ ያስፈልጋታልና አስበህ፣ መርጠህ፣ ሳትቸኩል ላክ። ሳትቸኩል የሚለውን አስምርበት።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስልክ ለቁም ነገር ስለማይሆን ነው። «ሄሎ፣ ይሰማል?» ስንባባል ይመሻል። እኔ እጽፋለሁ፣ አክስትህ አስካለች በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። እንዳታነብ አስምያታለሁ። (አስካለች፣ እዚህ ላይ ስትደርሺ እፈሪ።)

የየካው ሚካኤል በክንፉ ይሸፍንህ።

አያትህ ወልደ ሐዋርያት

*

ሊዮን፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለአባባ ወልደ ሐዋርያት፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የከተማ አውቶቡስ ጥገናው ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት። ለአራሷ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይበሉልኝ። ሚሊዮን ግቢው ውስጥ እንደገባ አልነገረኝም፤ የነገረኝ በሩ እንዳልተከፈተለት ነው። ረስቶት ይሆናል።

ጎማውን እንኳ የሚገዛት ሰው ቢቀይር ይሻል ነበር። ግን ስለ ጎማ ተጠይቄ ዝም ማለት እንደማልችል ያውቃሉ። ቀይዋ ዝቅ ያለች፣ ለኩርባ የተሠራች መኪና ናት፤ የተገኘውን ጎማ ቢያስሩባት ትቀየማለች። ሦስት ዓይነት አይቻለሁ። አንደኛው የውድድር ነው፤ ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ አስፋልቱን እንደ ማስቲካ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብም አይወድም። ሁለተኛው ለፈጣን መኪና ሆኖ ለዝናብም የታሰበ ነው፤ ውሃውን በሰፋፊ ቦይ ወደ ጎን ይተፋዋል። ሦስተኛው ተራው ጎማ ነው፤ ደረቅ ነው፣ ዓመታት ይቆያል፣ ኩርባ ላይ ግን ያሳፍራል።

ከአሁኑ ጎማ ጎን ላይ ሁለት ነገር ያንብቡልኝ፤ አንዱ ልኩ፣ ሌላው በትንሽ ክብ ውስጥ ያሉት አራት ቁጥሮች። እነሱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ።

አባባ፣ መኪናዋ ቶሎ ብትሸጥ ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ግን አይጠይቁኝ።

ልጅዎ ቢንያም

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኛን ፈረንሳይ ትተህ የነሱን ፈረንሳይ ለመረጥከው ለቢንያም፤

ሰላምታዬ በያለህበት ይድረስህ። አንተ ስታዝዝ ቀላል ነው። ቁጥሩን ለማንበብ አጉሊ መነጽሬን ይዤ መኪናዋ ሥር በደረቴ ተኛሁ። አስካለች በመስኮት ብቅ ብላ እግሬን አየችና «ኡ ኡ! አባቴን!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቱ ተንጋግቶ መጣ፤ ገሚሱ ነጠላውን ዘቅዝቋል። ብድግ አልኩና «205/50/16» አልኳቸው። እየተሳደቡ ተበተኑ።

አራቱ ቁጥሮች 2311 ይላሉ። ሃያ ሦስቱ ሳምንቱ ይሁን፤ አሥራ አንዱ ያው 2011 ነው። ዘንድሮ 2017። እንግዲህ ጎማህ ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንደኛ ክፍል እንኳ አልገባም! በዚህ ዕድሜው ሊሾ መሆኑ አስተዳደጉ ነው እንጂ አላረጀም። ይህን ሳውቅ ልቤ ረጋ።

ምርጫውን በተመለከተ ማስቲካውን አልፈልግም፤ በኔ ዕድሜ የሚጣበቅ ነገር ሁሉ ጥርስ ይነቅላል። ተራውን ደግሞ አንተው ያሳፍራል አልክ። ሁለተኛው ይታሰብበት፤ ግን ጎኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ ያለው የለም ወይ? ቀይ መስመር ያለውስ? ጠይቅ። አሁንም አትቸኩል፤ የድመቷ ልጆች ዓይናቸውን ገና መግለጣቸው ነው።

ስለ ፍጥነት ብዙ ጽፈሃል። እኔ ለመንገድ ሥራ ሠላሳ ዓመት ግሬደር የነዳሁ ሰው ነኝ። በሕይወቴ ቀድሜ ያለፍኩት ኤሊ ብቻ ነው፤ እሱም ከመንገድ ወጥቶ አሳልፎኝ ነው። ቀይዋ ግን ሌላ ናት። ትናንት በካፊያው ከእንጦጦ ራጉኤል ቁልቁል ሁለተኛው ኩርባ ላይ ኋላዋን እንደ እስክስታ ወራጅ ወዝወዝ አደረገችው፣ ይላል ሚሊዮን።

ራጉኤል ይከተልህ።

አያትህ

*

ሊዮን፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፤

ሰላምታው ይቆየኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሥራ አንዱ በፈረንጅ ነው! ጎማው ሲሠራ እኛ አገር 2003 ነበር። አሥራ አራት ዓመቱ ነው አባባ። ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ጥርስ ቢኖረው እንኳ እርጥብ አስፋልት ላይ ሳሙና ነው የሚሆነው። የናንተ ደግሞ ጥርስም የለውም። መኪናዋን ስገዛ ይህን ቁጥር እኔም አላየሁትም፤ ቀለሟን ብቻ ነው ያየሁት።

እባክዎ እስክጽፍልዎ ድረስ ማንም እንዳይነዳት። ሚሊዮንም ይሁን ድመቷ። ሚሊዮን ደግሞ ካለፈው ወር ጀምሮ ጅማ ነው ያለው።

ሁለተኛውን ጎማ አዝዣለሁ። ነጭ ጽሑፍ የለውም፣ ቀይ መስመርም የለውም። ዛሬውኑ ይመልሱልኝ።

ቢንያም

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቢንያም፤

እንደምን ከረምክ? ዝም ያልኩት ተቀይሜህ አይደለም። ክረምቱ ነው። መብራት ይሄዳል፣ እስክሪብቶው ይነጥፋል፣ ጉልበቴንም ትንሽ አሞኝ ነበር። አስካለች ደግሞ ፎቶ ለማንሳት ፊት አትሰጠኝም።

ድመቶቹ ደህና ናቸው። ስም አውጥቼላቸዋለሁ፤ ፍሪሲዮን፣ ክላክስና ፍሬን። ፍሬን ትንሽ ሰነፍ ነው።

አንድ ሌላ ዜና አለ፤ ቀላል ነው። እናቲቱ ድመት የመኪናዋን የግራ የፊት መብራት ሰብራለች። ስትዘል ነው። በዚያው ቀን፣ ዘሞ የነበረው አጥር ተኝቷል። ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም።

ስለዚህ ልጄ፣ ከጎማው ጋር መብራት እንድትልክ ልጽፍልህ ነበር። ከዚያ ደግሞ ጎማው ይቅር፣ መብራቱ ብቻ ይበቃል አልኩ። አሁን ሳስበው እሱም ይቅር። ሚሊዮን ከጅማ ሲመለስ ላከው፤ በሩን እከፍትለታለሁ። መኪና የወጣት ነገር ነው። እዚያው ቆማ ዝናብ ከሚበላት፣ ልክ እንዳልከው ትሸጥ።

ድመቷን ሌላ ቦታ እፈልግላታለሁ።

ደህና ሁንልኝ።

አያትህ

*

ሊዮን፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ፣ ለማከብርዎ ለአባባ፤

እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በሕይወቴ ያለ ቀልድ ሲሰናበቱኝ የመጀመሪያዎ ስለሆነ ፈራሁ።

ለአክስቴ ለአስካለች ደወልኩላት። ምንም አልነገረችኝም፤ እንዳታነብ አስምለዋት የለ? የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ድመቷ ሐምሌ መባቻ ዕለት ጋቢዋን ለብሳ፣ ዱላዋን ከኋላ ወንበር ላይ አድርጋ፣ ራጉኤልን ተሳልማ በዝናብ ስትመለስ፣ በራችን ላይ ፍሬን ብትይዝ መኪናዋ እምቢ ብላት አጥሩ ላይ ወጣች። አልተጎዳችም። ግን ለሦስት ቀን ከአልጋዋ አልወረደችም።

አሁን ተራው የኔ ነው፤ እኔም የደበቅኩትን ልናገር። «ትሸጥ» ያልኩት ገንዘብ ፈልጌ አይደለም፣ ግቢው ጠቦም አይደለም። አምና አስካለች በጨዋታ መሀል «በየመባቻው የመኪናዋ ጎማ የእንጦጦ ቀይ አፈር ይዞ ያድራል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የወር መጀመሪያ ሲደርስ እንቅልፍ የለኝም። ሴት አያቴ የማርያምወርቅ ካረፉ ወዲህ የራጉኤልን መባቻ አንድም ቀን እንዳላስታጎሉ አውቃለሁ። ጉልበትዎ ዳገቱን እምቢ ሲል ቀይዋን አስነስተው እንደወጡም ገባኝ። «አይንዱ» ልልዎ ደግሞ አፈርኩ። መንገዱን ደልድሎ የሠራውን ሰው እንዴት ብዬ በመንገዱ አይሂዱ እለዋለሁ? መኪናዋ ብትሸጥ ነገሩ በራሱ ያልቃል ብዬ ነው። ፈሪነት ነው። እርስዎ በድመት ተሸሸጉ፣ እኔ በደላላ።

ስለዚህ አትሸጥም። ሚሊዮን ቢመጣ በሩን እንዳይከፍቱለት፤ ለምደውታል።

ጎማው ደርሷል። አዲስ ጎማ እዚህ አገር እንደ ተማሪ ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበት ነው የሚመጣው። የኛው በነዳጅ ቁጠባ መካከለኛ ነው፣ በድምፅ ትንሽ ይረብሻል፣ በዝናብ ላይ ቶሎ በመቆም ግን አንደኛ ነው። ለፈጣን መኪና ስንመርጥ ሁሉም የሚጠይቀው ስንት ትሮጣለች ብሎ ነው። እኔ ግን የመረጥኩት የምትቆምበትን አይቼ ነው።

የባለሱቁ የጀይላን ልጅ ሀናን ከዚህ ከባሏ ጋር ለዕረፍት ትመጣለች። ሁለት ሁለት ጎማ እንደ ሻንጣ አሽገው ይዘውልኛል። ከጀይላን ሱቅ ይውሰዱ። የባለቤቱን ስም ላዩ ላይ ጽፌበታለሁ። ጀይላንን ያውቁታል፤ አደራ ለስሙ ባለቤት እንጂ ለሌላ አይሰጥም።

አራቱንም ባንድ ቀን ያስቀይሩ። ጎኑ ላይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ወደ ፊት መዞር አለበት፣ አለዚያ ውሃውን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል። መጀመሪያ ሰሞን ቀስ ብለው ያለማምዱት። ዶፍ ከጣለ ግን ራጉኤልም ይቅር ይላልና ይጠብቁ። አስካለችም አጠገብዎ ትቀመጥ።

ልጅዎ ቢንያም

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዓይኔ ለሆንከው ለቢንያም፤

እኛ ትናንት 2018ን ተቀብለናል። አደይ አበባው ወጥቷል፣ አጥሩም ቆሟል። አንተ ያለህበት አገር ዘመኑን ለመቀየር ገና ወራት ይቀሩታልና አይዞህ፣ ትደርሱብናላችሁ።

በመጀመሪያ ያደረግከኝን ላንብብልህ።

ሀናን መጣች ሲባል ጋቢዬን አጣፍቼ ጀይላን ሱቅ ሄድኩ። ጎማዎቹ ከስኳሩ ጆንያ አጠገብ ተደርድረው፣ ሚስቱ ኢልሃም አቧራ እንዳይነካቸው ጥሩ አንሶላ አልብሳቸዋለች። ሙሽራ ይመስላሉ።

«ጀይላን፣ ዕቃዬን ስጠኝ» አልኩት።

«የትኛውን ዕቃ አባባ?»

«ጎማዬን ነዋ!»

አንሶላውን ገለጥ አድርጎ መነጽሩን አጠለቀ። «በርስዎ ስም የመጣ የለም። 'ለድመቷ' ነው የሚለው። አራቱም ላይ።»

«ያው ነው፣ እኔ አደርስላታለሁ።»

«አይሆንም አባባ። ልጄ ባሕር አቋርጣ ያመጣችው አማና ነው። ለባለቤቱ እጅ በእጅ ካልሆነ አልሰጥም። ድመቷን ይላኳት።»

«አራስ ናት፤ አትወጣም።»

ሳሙና ልትገዛ የቆመች ሴትዮ ዞር አለችና «መቼ ነው የወለደችው?» አለችኝ። «ግንቦት» አልኳት። «ታዲያ መስከረም ሊጠባ እኮ ነው! ድመት ናት ንግሥት?» አለች።

«ወኪሏ ነኝ» አልኩ።

«ውክልናውን ያሳዩኝ» አለ ጀይላን። ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል የለም። ይህን ሰው የማውቀው ከአባትህ ልደት ጀምሮ ነው፤ የሰው አደራ ይዞ ሲቀልድ አይቼው አላውቅም። ሱቁ ሞላ። ዳቦ የሚገዛው፣ ካርድ የሚሞላው፣ ሁሉም ጉዳዩን ትቶ እኔን ያያል። አንተ ልጅ፣ ሊዮን ተቀምጠህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላይ ችሎት አቆምክብኝ!

«እሺ» አልኩ በመጨረሻ። «ድመቷ እኔ ነኝ።»

ጀይላን መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «እንግዲያው ሚያው ይበሉ» አለኝ።

ምን ላድርግ? ሚያው አልኩ። ሱቁ ባንዴ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ ሳሙናዋን ጥላ ቁጭ አለች፤ ጀይላን ራሱ እየሳቀ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ ጋሪ ላይ ጫነልኝ።

ጎሚስታው አሮጌዎቹን ሲያወጣ በጥፍሩ ጫር አደረጋቸውና «አባባ፣ በዚህ ነው የሚነዱት? ይኼ እኮ ሸክላ ነው» አለኝ። ያንን ሁለተኛ ኩርባ አስታወስኩት። አዲሶቹን ሲያስር በቀስቱ ነገር አጠገቡ ቆሜ አላስተነፍስ አልኩት። የውጤት ወረቀቱን ሊልጥ ሲል ግን እጁን ያዝኩት፤ አንደኛ የወጣ ልጅ ወረቀቱ አይቀደድም። አሁን ቤት ግድግዳ ላይ፣ ያንተ የስምንተኛ ክፍል ካርድ አጠገብ ተለጥፏል። የሱ ይበልጣል። የተሠራበትንም አየሁ፤ 1825 ይላል። እንዳትሰጋ፤ በፈረንጅ መሆኑን አውቄያለሁ።

ትናንት ለራጉኤል ንግሥ ወጣን። አስካለች አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና መዝሙረ ዳዊት ከአንድ ጀምራለች። ዝናቡ ሌሊት ዘንቦ አቁሟል፤ አስፋልቱ እርጥብ፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል እላዩ ላይ ተነጥፎበታል። ስንሄድ ጎማው መንገዱን ሲይዘው በመሪው በኩል መዳፌ ውስጥ ይሰማኛል። ተሳልመን ስንወርድ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ቅጠል የተጫነች አህያ ከጫካው ወጥታ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ከኋላዋ ባለቤቷ ዲንቄ በአንድ እጇ ነጠላዋን፣ በአንድ እጇ የአህያዋን ጭራ ይዛለች።

ፍሬን ያዝኩ። ቆመች። ወዝወዝ የለ፣ መንሸራተት የለ፤ ግሬደር እንኳ እንዲያ አይቆምም። አህያዋ ዞራ አየችኝና መንገዷን ቀጠለች። ዲንቄ «እንቁጣጣሽ አባባ!» ብላኝ አለፈች። ከምን እንደተረፈች አላወቀችም። አላወቅሽም ብዬም አልነገርኳትም።

«ደረስን?» አለች አስካለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«የለም፤ ቆመን ነው» አልኳት።

ቢንያም፣ እንዲያ ያቆማት ግን ጎማው ብቻ አይደለም። ያቺን መኪና ትተሃት ስትሄድ ወንበሩ ወደ ኋላ እንደተገፋ ነበር፤ ለነዚያ ለረጃጅም እግሮችህ። አልነካሁትም። ከሰዓት በኋላ ገብቼ ቁጭ ስልበት፣ አዎ፣ ቁጭ እልበታለሁ፣ አሁን ተነስተህ የሄድክ ይመስለኛል። ወደ ፊት ብስበው ሄደህ ቀረህ ማለት ሆኖ ታየኝ። ፍሬኑን እስካሁን ስረግጥ የነበረው ታዲያ በአውራ ጣቴ ጫፍ ነበር። አጥሩ ላይ የወጣሁትም ገሚሱ በጎማው፣ ገሚሱ በዚህ ነው። ጎማው በታሰረ ዕለት ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት። ትናንት የረገጥኩት በሙሉ እግሬ ነው። ስትመጣ አንተ ወደ ኋላ ትገፋዋለህ፤ ከኔ ቀጥሎ የምትነዳት አንተ ነህና።

ዶፍ ሲሆን አልነዳም። አስካለች ምስክር ናት፤ ይኸው አሁንም እያነበበች ነው።

የረገጥከው መሬት ሁሉ እንደ አዲስ ጎማ ይያዝህ፤ በምትቆምበትም በምትሮጥበትም እግዚአብሔር አይለይህ።

አያትህ ወልደ ሐዋርያት

ይኸን ከፈረምኩ በኋላ ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። ከላይ ካወራሁልህ ውስጥ አንዱ ፈጠራ ነው። ድመቷን ማለቴ አይደለም፤ የሷ ጉዳይ ተዘግቷል። ጀይላን «ሚያው ይበሉ» አላለኝም። «ድመቷ እኔ ነኝ» ስለው ገና ያኔውኑ አቀርቅሮ ጎማዎቹን ማውጣት ጀምሮ ነበር። ሚያው ያልኩት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው።